ሸክላ ያልታተመለት አገር

ዛሬ ፖለቲካ የለም። እናንተም እኔም ትንሽ ዕረፍት ይገባናል። በውስጥ መስመር «አንተ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትሰማው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ሁሉ መልሱ ይኸው። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። (የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ኖታ አላነብም፣ ክራር አልመታም። አድማጭ ነኝ፤ ያውም ዝብርቅርቅ ያለ አድማጭ። ስልኬ ላይ በገና፣ ጃዝ፣ የሱዳን ዘፈን፣ የማሊ ጊታርና የፃግብጂ ሠርግ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስባቸውን ጥቂቶቹን ልንገራችሁና ከዚያ ወደ አንድ ሲያብሰለስለኝ ወደከረመ ጉዳይ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ኃይሉን የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች አድርገው የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በ1977 የወጣውን «ጨበለው»ን ያልሰማ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይስማ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ከበሮ የሚመታ ማሽን አጣምሮ ይህን ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ይህንን ሥራ ያገኘው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር፣ ካሴት ቤት ውስጥ። በ2013 እንደገና ታተመና ሰውዬው በስተርጅና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። እስቲ አስቡት፤ የአንድ ሰው ሕይወት የተቀየረው አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ አሮጌ ካሴት ባለመጣሉ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የታላቅ ሰው ልጅ ሆነው፣ ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን ተግዘው፣ በኋላ ካይሮ ላይ ቫዮሊንና ፒያኖ አጥንተው፣ ሁሉንም ትተው የመነኑት ግሸን ማርያም ነው። ግሸን ማለት እንግዲህ እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል። ለዓመታት በባዶ እግራቸው እየሄዱ ኖሩ። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሸክላ ሲያሳትሙም ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች ነበር። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖአቸውን ስሰማ ጣታቸው የሚንቀሳቀሰው እንደ ድጓ ተማሪ ይመስለኛል፤ ዜማው ይቸኩላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያዘግማል። በሜትሮኖም የምትለኩት ሙዚቃ አይደለም። ሌሊት ጽሑፍ ስጽፍ ከእሳቸው ሌላ የምከፍተው የለኝም።

ሦስተኛው ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ የሳክስፎኑ ንጉሥ። ይህ ሰው የሠራው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው፦ ሽለላና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን አጎቴ እኔ ጋ ሰቆጣ መጥቶ እያለ ከፈትኩለት። አጎቴ በአገሩ ሠርግና ለቅሶ ላይ ሲያቅራራ የታወቀ ነው፤ ጃዝ የሚባል ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ትንሽ አዳመጠና ጠላውን አስቀምጦ «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚፎክርበት?» አለኝ። ስንት የውጭ ሐያሲ ስለ ጌታቸው ሲጽፍ ከአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር ሲያነጻጽረው አንብቤያለሁ። የአጎቴ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጌታቸው በስተርጅናው «ዘ ኤክስ» ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር ተጣምሮ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሲሠራም ፉከራውን አንድ ክንድ አላሳጠረም። ፓንኮቹ ናቸው ወደ እሱ የመጡት።

ወደ ውጭ ስወጣ ደግሞ ሁለት አልበሞች አሉኝ። አንዱ የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር በ1994 ያወጣው «ቶኪንግ ቲምቡክቱ» ነው። አሊ ፋርካ ራሱን ከዘፋኝነቱ በፊት ገበሬ ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሲሰማው «ይሄ የየት አገር ትዝታ ነው?» አለኝ። አልተሳሳተም፤ እነሱም እንደኛ በአምስት ድምፅ ሰፊ አገር ያርሳሉ።

ሌላው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። በ1959 በሁለት ቀን ቀረጻ ያለቀ አልበም። ማይልስ ለተጫዋቾቹ የተወሳሰበ ኮርድ ከመደርደር ይልቅ «ይህን ስኬል ያዙና ውስጡ ተመላለሱ» ነበር ያላቸው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኛ አዝማሪ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል? ትዝታ ብሎ ይጀምራል፣ ባቲ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ቅኝቱ ውስጥ እንደፈለገ ይመላለሳል። በነገራችን ላይ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁረው የሰማ ሰው ቦታና ዜማ እንዴት አንድ ስም እንደሚጋሩ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ከላይ የጠራኋቸውን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፦ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው «ይቀረጽ» ብሎላቸዋል። ጥበብ ብቻውን አያቆይም። አምሃ እሸቴን ተመልከቱ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። አምሃ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ሆኖ በ1969 ደፈረና የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ውጭ አገር እያስላከ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፣ አምሃም በ1975 ተሰደደ። ግን ሸክላዎቹ ነበሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ሲያዳርስ፣ የሚያሳትመው ነገር ያገኘው አንድ ደፋር ልጅና ጥቂት መሰሎቹ አስቀድመው ስለቀረጹ ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የተቀረጸው ዘመን ነው።

ታዲያ ያልተቀረጸውስ? «ኢትዮፒክስ» አዲስ አበባ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ቅጽ 5 የትግርኛ ነው፣ ቅጽ 12 የኮንሶ። እኔ በሰበሰብኳቸው ቅጾች ውስጥ ግን በኽምጣና የሚዘፈን አንድም አላገኘሁም። ፈረንሳዊውን አልወቅስም። አንድ ሰው ከሚችለው በላይ ሠርቷል። የኛን የኛ ሰው ነበር መቅረጽ የነበረበት።

ቀርጾም ነበር። ያው አጎቴ በወጣትነቱ ቴፕ ነበረው። ሠርግ በተጠራ ቁጥር ቀይዋን ቁልፍ ተጭኖ ይቀርጽ ነበር። የሴቶቹን እልልታና ከበሮ፣ በኽምጣና የሚወራረዱበትን የሙሽራ ዘፈን፣ የማሲንቆ ተጫዋች ሲመጣ ደግሞ እሱን። ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ፣ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም እየለጠፈ አንድ ሳጥን ሙሉ አከማቸ። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለ። ሰው ሲሸሽ ልጅ ይይዛል፣ ዱቄት ይይዛል፤ ካሴት አይይዝም። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር።

የተረፈው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እሱም ለጎረቤት ተውሶ ስለነበር። በዚያ ካሴት አንደኛው ገጽ ላይ የአያቴ ድምፅ አለ። ተቀባይ አይደለችም፣ አውጪ ናት። እኔ እስካድግ ድረስ አያቴ ዘፋኝ እንደነበረች የነገረኝ አልነበረም፤ የማውቃት ምድጃ ዳር ጋቢ ለብሳ ነው። የቀሩት ካሴቶች ውስጥ የማን አያት እንደነበረች ማንም አያውቅም። እዚያ ላይ ነው ልቤ የሚሰበረው።

«አሁንማ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ሁሉም ይቀርጻል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ግን የምንቀርጸው ለቲክቶክ ነው፤ ሰላሳ ሰከንድ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ሙዚቃ ተጭኖበት። ዘፈኑ ሊሞቅ ሲል ይቆረጣል። ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደሆነ፣ ምን ድግስ ላይ እንደሆነ አይጻፍም። ስልኩ ሲሰበር ደግሞ አብሮ ይሞታል። የአጎቴ ቴፕ ቢያንስ ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ ልመና አለኝ። ለፋሲካም ሆነ ለሠርግ አገር ቤት የምትሄዱ፦ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅረጹ። ስልኩን ከሞንታርቦው አርቁት። አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ለዘፈነው ሰውም እንደ አቅማችሁ እጅ መንሻ ስጡ። መጨረሻ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ተናገሩበት። ከዚያ አንዱን ቅጂ ለሌላ ሰው ስጡ። የአያቴ ድምፅ የዳነው በሌላ ሰው እጅ ስለነበረ ነው።

ሙዚቃ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ቤታችሁ አሮጌ ካሴት ያለ ወንድም እህቶች፣ እባካችሁ አትጣሉ። ሰቆጣ አካባቢ ከሆናችሁ የሚሠራ ቴፕ አለኝ፤ ወደ ስልክ ገልብጬ ካሴቱን ከነቅጂው እመልስላችኋለሁ፣ ክፍያ የለውም። የናንተንም አምስት ምርጥ ጻፉልኝ። አንዱ ግን በሸክላም በካሴትም ያልታተመ፣ ከሰፈራችሁ ሰው አፍ ብቻ የሰማችሁት ይሁን።