ውሃው የት ነው የሚሄደው?

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ ይህችን አንብቧት። በተለይ ጠዋት ጠዋት ራዲያተር ላይ ውሃ ጨምራችሁ የምትወጡ።

አባቴ ትቶልን የሄደ አንድ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ አለን። ናፍጣ ነው፤ ዕድሜው ከተማሪዎቼ ይበልጣል። ቤተሰቡ ለቅሶም ሠርግም የሚደርሰው በእሱ ነው። ከዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሊትር የሚሆን የቧንቧ ውሃ እየጨመርኩ ነበር የምነዳው። አሮጌ መኪና ውሃ ይጠጣል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ እናቴን፣ ወንድሜንና ልጆቹን ይዤ ወደ ጅማ ስንሄድ፣ ጊቤን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ጌጁ ቀዩ ላይ ወጣ። አቆምኩ። እንዳይረፍድብን ስለቸኮልኩ አስር ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ጨርቅ ይዤ ክዳኑን ፈታሁት። የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ጠባሳው ዛሬም ክንዴ ላይ አለ።

እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችልኝ "አንተ ልጅ፣ የምታስተምረው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

ይሄንኑ ነው። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም፤ ስፕሪንግና ጎማ ያለው፣ ግፊት የሚይዝ ነገር ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍቱት ግፊቱ በአንዴ ይወርድና ያ ሁሉ የጋለ ውሃ እዚያው ይፈላል። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሞልተን፣ ወንድሜ ቀስ እያለ ነድቶ አደረሰን። አዲስ አበባ ስንመለስ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድኩት። ከአንድ መኪና ሥር የወጣ ልጅ "ቲቸር!" አለኝ። 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው።

ክዳኑን አገላብጦ አየና "ጎማው አልቋል፣ ግፊት አይዝም" አለ። ቀጠለና "በየቀኑ ውሃ ይጨምራሉ?"

"አዎ።"

"ከስንት ጊዜ ጀምሮ?"

"ከዓመት በላይ።"

"ታዲያ ውሃው የት ነው የሚሄደው ብለው አልጠየቁም?"

አልጠየቅኩም።

እሱ ግን ፈለገው። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አየ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፣ ምናልባትም የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል ማለት ነው። ደግነቱ ንጹሕ ነበር። ውሃው የሚያልቀው በክዳኑና በአንድ በተሰነጠቀ ቱቦ ነበር። ራዲያተሩን ደግሞ የቧንቧው ውሃ ዝገትና ደለል ሞልቶበታል። አጠበው፣ ክዳኑንና ቱቦውን ቀየረ፣ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል አድርጎ ሞላ። "ታይሚንግ ቤልቱስ መቼ ተቀየረ?" ሲለኝ እሱንም አላውቅም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነበረበት፤ እየሄደ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ያልቅለት ነበር። እሱንም ቀየርነው።

ሲሠራ እያየሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ከሰዓት ከሰዓት ከክፍል ይቀር ነበር። ውጤቱ ሲወርድ እኔ ሦስት ነጥብ፣ አምስት ነጥብ እየጨመርኩ አሳለፍኩት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

"ያኔ ስትቀር የት ነበር የምትሄደው?" አልኩት።

ከሥራው ቀና ሳይል "እዚሁ ነዋ ቲቸር። አባቴ ሲሞት እዚህ ገባሁ" አለኝ።

ጋራዡ ከትምህርት ቤታችን በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም።

ስምንት ወር ሆነው፤ መኪናው ላይ ውሃ አልጨመርኩም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ልኩን አያለሁ፣ ከሥሩ የፈሰሰ ነገር እንዳለ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የእናንተም ውሃ የሚጎድል ከሆነ መጀመሪያ ክዳኑን አስመርምሩ። የጋለ ሞተር ላይ ደግሞ በጭራሽ አትክፈቱት።

ክፍል ውስጥም ስም ስጠራ "የለም" ከተባልኩ አሁን ዝም ብዬ አላልፍም፤ የት እንደሄደ እጠይቃለሁ። ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ያኔ ያልጠየቅኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኢንቦክሴ ክፍት ነው።