ጉድጓዱን እንክደን

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 21፥33-34፤ ምሳሌ 12፥10



በሙሴ ሕግ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው አንድ ትእዛዝ አለ። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሳይከድነው ቢሄድና የሌላው ከብት ገብቶ ቢሞት፣ ባለ ጉድጓዱ ካሳ ይከፍላል። “ከብቱ ራሱ ነው የገባው” ማለት አያድነውም። እግዚአብሔር የጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ ክዳን ነው።

እኛ ሮቤ ውስጥ በእንጨት ሥራ የምንተዳደር ቤተሰብ ነን። ለእኛ ያ ጉድጓድ የማስቲሽና የኮላ ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሥራ ቤት ደጃፍ ሳይከደን ያደረ ኮላ የጎረቤታችንን ውሻ ገደለ። የእኚህን እናት በጎች ከጅብ የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነበር። ሲያለቅሱ አንዳንዶች “ለውሻም ይለቀሳል?” ብለው ሳቁ። ቃሉ ግን ለእንስሳ ሕይወት መራራትን ከጽድቅ ምልክቶች ይቆጥረዋል። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻም ጌታ ለነነዌ ሲራራ እንስሶቿን አልረሳም።

ስለዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ። አረፋ እያወጣ የሚደርቀው ፖሊዩሬቴን የሚባለው የእንጨት ኮላ ውሻን ይስባል። ጥቂት እንኳ ቢልስ በሆዱ ውስጥ አብጦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በአገራችን ልማድ መርዝ ለቀመሰ ወተት እናጠጣለን፤ ወይም እንዲያስመልሰው እናደርጋለን። እዚህ ላይ ሁለቱንም አታድርጉ። ሳትዘገዩ፣ ቆርቆሮውንም ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ።

የማስቲሽና የቲነር ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ድመቷና ውሻው የሚተኙት እዚያው ነው። በባሌ ብርድ በሩን ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መሥራት ይቀናናል። ነገር ግን ትነቱ እሳት ይይዛል፤ ለሰውም ለእንስሳም አደገኛ ነው። በሩ ይከፈት፣ እሳቱ ይራቅ፣ እንስሳቱ ውጭ ይቆዩ።

ማስቲሽ ጠጉራቸው ላይ ቢጣበቅ በቤንዚን ወይም በቲነር አትጠቡት፤ ቆዳቸውን ያቃጥላል፣ ሲልሱትም ይመርዛቸዋል። የምግብ ዘይት ቀብታችሁ አለስልሱት፤ ካልሆነ ጠጉሩን በጥንቃቄ ቁረጡ። ሱፐር ግሉ ጣታቸውን ቢያጣብቅም በኃይል አትጎትቱ፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና ቀስ በቀስ ይለቃል።

ማታ ከመውጣታችን በፊት ክዳኑን እናጠብቃለን፤ ብሩሹንና ጨርቁን ቆልፈን እናስቀምጣለን። የተረፈውን ቲነር ቦይ ውስጥ አንደፋም። የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ከምድር በታች ያልፋል፤ ከዚያም ወጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ከዓይናችን የተሰወረ ውሃ አልጠፋም፤ በታች የሚጠጣው ሰውና ከብት አለ።

ወገኖች ሆይ፣ ፍቅር በትልልቅ ነገር ብቻ አይገለጥም። ማንም በማያየን ሰዓት፣ አመሰግናለሁ ማለት ለማይችል ፍጥረት ስንል ክዳን መግጠምም ፍቅር ነው። ዛሬ ማታ በእጃችሁ ያለውን ጉድጓድ ተመልከቱ።

ጌታ ሆይ፣ የእጃችን ሥራ ለጎረቤታችን ወጥመድ እንዳይሆን ጠብቀን። አሜን።