ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ መሄጃውና መመለሻው

እናቴ የሚኖሩት በዓድዋ ነው። በዋሽንግተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ልጅ ስለ ወለደ፥ የልጅ ልጃቸውን መጥተው እንዲያዩ በለመናቸው ጊዜ «መንገዱ ምን ያህል ነው?» ሲሉ እኔን ጠየቁኝ። እኔም የመሥሪያ ቤት ሰው እንደ መሆኔ በቁጥር መለስሁላቸው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው የአየር መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እርሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። በልጅነታቸው ለኅዳር ጽዮን ከዓድዋ እስከ አክሱም በእግር ይሄዱ ስለ ነበር፥ መንገድን የሚለኩት በጊዜና በድካም ነው።

ስለዚህ ነገሩን መርምሬ አስረዳኋቸው። ርቀቱ በመሄጃም በመመለሻም አንድ ነው፤ ጊዜው ግን አንድ አይደለም። መሄጃው 16 ወይም 17 ሰዓት ያህል ሲወስድ፥ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ነው።

የዚህም ዋና ምክንያት የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉን የሚደግፈው ኃይል ያንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ አይሮፕላኑ መንገደኛውንና ለመላው ጉዞ የሚበቃውን ነዳጅ በሙሉ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ስለዚህም እንደ ሮምና እንደ ዱብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። በመካከል ማረፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ. ም. የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ በኩል ነው። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ስለማይል፥ አይሮፕላኑ ከዚያ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ተነሥቶ በቀጥታ አዲስ አበባ ይደርሳል። በላይኛው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም መሄጃውን ይገፋል፤ መመለሻውን ያግዛል።

መንገደኛ በሰዓቱ እንዳይታለል ደግሞ መጠንቀቅ አለበት። በክረምት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት እዚያ የደረሰ ሰው፥ የግድግዳውን ሰዓት ቢያምን የተጓዘው 9 ሰዓት ብቻ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን 16 ሰዓት ተጉዟል። ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሰዓቱ ቢቈጥር 20 የሚሆነው፥ የተጓዘው ግን 13 ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፥ «ለበቅሎ ከደጋ መውረዱ ይቀላል፤ ለአይሮፕላን ግን ከደጋ መነሣቱ ይከብዳል ማለት ነዋ!» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «እኔ መሄዱን አልፈራሁም፤ የፈራሁት በሰው አገር ቀርቼ ከአባትህ መቃብር እንዳልለይ ነው። መመለሻው ካጠረማ ልሂድ» አሉ።

በማግሥቱ ፓስፖርት ለማውጣት አብረን ሄድን።