ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ገለጻ በቴሌቪዥን ከተላለፈ ወዲህ፣ የመምህራን ክበባችን የቡና ጠረጴዛ ሁሉ የባሕር ኃይል መምሪያ ሆኖ ከረመ። አሰብን በካርታ ላይ ያልለካ፣ ዘይላን በጣቱ ያላመለከተ ባልደረባ አልቀረኝም። ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ደግሞ ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ተሸጋገረ። በዚህ ሁሉ መካከል የእኔ ልብ የሚሄደው ባሕር አይታ ወደማታውቅ፣ ነገር ግን ወደብ ወደነበረች አንዲት ከተማ ነበር። ከዚያ ገለጻ አምስት ወራት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ አንድ ሙሉ ቀን ብቻዬን ስዞርባት ወደዋልሁባት ሰቆጣ።

ወደ ዋግ የሄድሁት ለሥራ ነው። ሥራው አንድ ቀን ቀድሞ አለቀ፤ መኪናው ግን የሚነሣው በማግስቱ ነበር። አስጎብኚም ጓደኛም አልነበረኝም፤ ጫማዬን አጥብቄ ወጣሁ።

ሰቆጣን ወደብ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ የሚወጣው የጨው ጡብ፣ አሞሌው፣ በጭነት እንስሳ ደጋውን ሲወጣ ከዋነኞቹ ማራገፊያዎቹ አንዷ እርሷ ነበረች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን መንገደኞች ስለ ጨው ገበያዋ ጽፈዋል። አሞሌ ደግሞ ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለመገበያያም የሚያገለግል ገንዘብ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። (ያኔ የምንዛሪ ተመን የሚያወጣው ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የአህያ እግር ነበር ማለት ነው።) ሞጆ ደረቅ ወደብ ከመባሏ በፊት ሰቆጣ ደረቅ ወደብ ነበረች ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

የገበያ ቀን ስለነበር ጧቱን ያሳለፍሁት ከገበያው መካከል ነው። በዙሪያዬ የሚሰማው ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ በሦስት የፈረንጅ ቋንቋ እንደምን አደራችሁ ማለት የምችል ሰው፣ በገዛ አገሬ ሰላምታ መስጠት አቅቶኝ በፈገግታ ብቻ ስተላለፍ ዋልሁ። ከማዳበሪያ ላይ ግራጫ የጨው ስባሪ ደርድረው ከተቀመጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆምሁ።

«እናቴ፣ ይህ አሞሌ ነው?» አልኋቸው።

«ለከብት ነው ልጄ። ሰውማ የታሸገውን ነው የሚበላ» አሉኝ በአማርኛ።

ከየት እንደሚመጣ ብጠይቃቸው፣ የጥያቄዬ ሞኝነት ገርሟቸው ፊቴን አዩኝ። «ድሮስ ከየት ይመጣል? በትግራይ በኩል ነው እንጂ። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ተዘጋና ከብቱም እኛም አልጫ ስንበላ ከረምን።»

ይህን ሲናገሩ ይስቁ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ሰቆጣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ለወራት ቆይታለች፤ እኔ በሄድሁበት ጊዜም ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማዋና በወለህ ገና ተጠልለው ነበር። የጦርነቱን ታሪክ በብዙ መግለጫ አንብቤዋለሁ፤ እንደ እኒያ እናት አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። አንዱን ስባሪ ገዝቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ከገበያው ወጥቼ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ በእግሬ ሄድሁ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የፊቱ አጠራረብ ሰውን አቁሞ የሚያስቀር ነው። ካህናቱ ከላሊበላ ሕንፃዎች ይቀድማል ይላሉ። የላሊበላን ወረፋና የካሜራ ጋጋታ ለሚያውቅ ሰው እዚህ ያለው ጸጥታ እንግዳ ነገር ነው፤ ያን ቀን ከእኔ በቀር ጎብኚ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ካህን፣ «ከየት ነው የመጣህ ልጄ?» ብለው በመቋሚያቸው እየመሩ የዋግሹሞቹ ደረቅ አስከሬን ያለባቸውን የእንጨት ሣጥኖች አሳዩኝ። ዋግሹሞች የዛጔ ነገሥታት ዘር ናቸው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ዙፋን የመቀመጥ መብት እንደነበራቸውም ይነገራል። «ምን ያደርጋል አባ፣ ሁሉም እንዲህ ከሆነ» ብላቸው፣ «ቢሆንም ወንበራቸውን አልለቀቁም» አሉኝ።

እዚያ ደጅ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት ስለ ዋግሹም ጎበዜ ነው። አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስ ያስገደሉበት ይህ ሰው ከመቅደላ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ሠራዊቱ ብዙ ነበር። የተሸነፈው ግን በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ፣ ቁጥሩ ባነሰ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጦር ነው፤ ካሣም ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ በዙላ በኩል ወደ ባሕራቸው ሲወርዱ፣ መንገድ ለሰጧቸው ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ነበር። የጨው ወደብ ባለቤት በባሕሩ መንገድ ባለቤት ተረታ ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር ምን ያደርግልናል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ታሪካችን እንደዚያ ለማለት አይፈቅድም።

ምሳዬን የበላሁት ዓሣ ነው። ሰቆጣ ላይ ዓሣ! በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው የፈጠረው ሐይቅ ለዋግ ቆላ ወረዳዎች ዓሣና ጀልባ አምጥቶላቸዋል። የጠበሰችልኝን ልጅ፣ «እንግዲህ ወደብ ሆናችኋል» ብላት፣ እያፌዝሁባት መስሏት ሎሚ ጨመረችልኝ።

ከቀትር በኋላ ከከተማዋ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥቼ ተቀመጥሁ። በየአቅጣጫው የሚታየው ተራራ ነው፤ የተራቆተ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ተራራ። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ኮረም በእግሩ የሄደው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። ስንቱ በመንገድ እንደቀረ የሚናገር የመቃብር ምልክት እንኳ የለም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዚያ ዓመት አሰብም ምጽዋም የእኛ ነበሩ። የእርዳታው እህልም በወደቦቹ ይራገፍ ነበር። ነገር ግን በወደቡና በዋግ ሕፃን አፍ መካከል ተራራ ነበረ፣ ጦርነት ነበረ፣ ከሁሉም በላይ በመስከረም ወር የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ያከበረ መንግሥት ነበረ። ጓደኞቼ በካርታው ላይ ጣታቸውን ከአሰብ ሲያሳርፉ፣ ከዚያ ተነሥተው እስከ ሰቆጣ ድረስ እንዲጎትቱት የምጠይቃቸው ስለዚህ ነው። አብዛኞቹ ሰቆጣን ለማግኘት ጥቂት መፈለግ ያስፈልጋቸዋል።

ስሟን ግን ያውቁታል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። በየአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ ለከተማዋ ክብር ይሁን ሐፍረት እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልሁም። ስለ ባሕር በር ስንከራከር በከረምንበት በዚያ የ2016 መኸር ዋግ ኽምራ እንደገና በድርቅ ተመትቶ ነበር። ዜናውን የሰማሁት ከባሕሩ ዜና ቀጥሎ፣ ከስፖርት በፊት ነው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሲመሽ ወደ ማደሪያዬ ወረድሁ፤ በማግስቱ በሌሊት ተሳፈርን። ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ፍተሻ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ቦርሳዬን ከፍቶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር አወጣና ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨው ነው።»

ልብሴንና መነጽሬን አየ፣ መጻሕፍቴን አየ፣ ደግሞ ጨውን አየ።

«ከብት አለዎት እንዴ?» አለኝ።