ጨዋ ማን ነው?

«ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው፤ ስድብ መሆኑን ሳታውቁ ሰው ታመሰግኑበታላችሁ» የሚል ተግሣጽ ከቤተ ክህነት ሰዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት አላቸው። በአብነት ትምህርት ቤት አነጋገር ጨዋ የሚባለው ካህን ያልሆነ፣ ዜማውንም ቅኔውንም ያልዘለቀ ምእመን ነው። ሌላው ሕዝብ ግን «የጨዋ ልጅ» ሲል አሳዳጊ ያልበደለውን፣ ምግባረ ሸጋውን ሰው ማለቱ ነው።

ይህ ክርክር ሲነሣ የሚቆጨኝ፣ ሁለቱም ወገን የቃሉን ዕድሜ ማሳጠሩ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ጨዋ ወታደር ነበር። ንጉሡ በየጠረፉ ያሰፈሯቸው፣ ከገበሬው ተለይተው በጦር የሚያድሩ ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። የዚያን ጊዜውን ታሪክ በዛሬ ጆሮ የሚያነብ ሰው፣ ንጉሡ ወደ ጠረፍ የላኩት ትሑታንን ሊመስለው ነው! ከዚያ ወደ ኋላ ደግሞ ግእዙ አለ፤ «ፄዋ» ምርኮ ነው። የእስራኤል ልጆች ወደ ባቢሎን መጋዛቸው «ፄዋዌ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። ሁለቱን ቃላት የሚያገናኙ የታሪክ ሊቃውንት፣ የቀድሞዎቹ ጭፍሮች ከምርኮኞች የተመለመሉ ነበሩ ይላሉ።

እስቲ ይህን ጉዞ አስቡት። ምርኮኛው ወታደር ሆነ፤ ወታደሩ መሬትና ክብር አገኘ፤ ውሎ አድሮም ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ቤተሰብ የተወለደ ማለት ሆነ። ቃሉ ከተነሣበት ትርጉም ፍጹም ተቃራኒ ላይ ደረሰ! የቤተ ክህነቱም ፍቺ ከዚሁ መንገድ ላይ የተገነጠለ ይመስለኛል፤ አንዱ መጽሐፍ ያዥ፣ ሌላው ጦር ያዥ፤ ጦር ያዡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊደል አልቆጠረም።

እንግዲህ «ትክክሉ የጥንቱ ነው» የሚል ሰው በገዛ ፍርዱ ይረታል። ጥንቱን ካልን «ያልተማረ» የሚለውም ይወድቅና ምርኮኛው ብቻ ይቀራል። «ደብተራ»ንም ቢሆን በግእዙ ድንኳን ነውና ሰው አንለው።

ይህን ስል የመጣው ለውጥ ሁሉ ይሁን ማለቴ አይደለም። አሁን ዓይናችን እያየ ጨዋ «ዝም የሚል» ወደሚል ፍቺ እየጠበበ ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ታክሲ ውስጥ የነካካትን ሰው ጮክ ብላ ያጋለጠች ልጅ «የጨዋ ልጅ እንዲህ አትጮኽም» ትባላለች። ደመወዟ የተቆረጠባት ሠራተኛ አቤት ስትል ጨዋነቷ ይጠየቃል። ይህን ፍቺ ነገ መዝገበ ቃላት ቢያሰፍረውም እቃወመዋለሁ፤ ምክንያቱም ከተበደለው ሰው አፍ ላይ ቃል ይቀማል፣ ለበዳዩ ደግሞ ከለላ ይሆናል። ወላጆች ሆይ፣ ለሴት ልጃችሁ «ጨዋ ሁኚ» ስትሉ ዝም እንድትል ፈልጋችሁ ከሆነ፣ «ዝም በይ» ብላችሁ በግልጽ ንገሯት። ጨዋን ግን ተዉልን።