ከእሳቱ የተረፈውን ዝናብ እንዳይበላው

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ልጅ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ላከችልኝ። «የአያቴ ቤት ተቃጠለ፤ ግማሹ ቀርቷል። ቤቱ ቅርስ ነው ተብሎ ስለተመዘገበ አጎቶቼ ማፍረስ አልቻሉም፣ አያቴ ደግሞ ማደስ አልቻለችም። ሁሉም ተኳርፎ ክረምት ሊገባብን ነው። ምን ይሻለናል?»

የፍቅር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እመልስላት ነበር። ይኼኛው ግን ሄዶ ማየት የሚጠይቅ ሆነብኝና ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

የሰፈሩን ስም አልጠራም፤ አደራ ብለውኛል። ከአራት ኪሎ ሽቅብ ነው ልበላችሁና ይብቃን። አስፋልቱን ለቅቃችሁ የኮብልስቶኑን መንገድ ስትይዙ በግራ በኩል ከቆርቆሮ አጥር በላይ ብቅ ያለ አሮጌ ፎቅ ቤት ታያላችሁ። ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ። ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ አለው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት የተፈለፈለ ጣውላ ይዞራል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ የገባበት አሠራር መሆኑ ነው። የፊቱ ገጽ ደህና ነው። ዞር ብላችሁ ጓሮውን ስታዩ ግን ወራጁ ከሰል ሆኖ፣ ቆርቆሮው ተጣሞ፣ ሰማዩ በቤቱ ውስጥ ይታያል።

«ግቢ ልጄ፣ ከሰሉ ልብስሽን እንዳይነካሽ» አሉኝ እማማ። ከእሳቱ ወዲህ የሚያድሩት ማድቤት ውስጥ ነው። እሳቱ የተነሳው ከምጣዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ኮርኒሱ የድሮ አቡጀዲ ነው፤ ስንት ጊዜ ኖራ እየተቀባ የቆየ ደረቅ ጨርቅ! «እንደ አይጥ በላዬ ላይ ሮጠ» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ እያሳዩ። ከአሮጌ ቤት ጋር የምትኖሩ ሁሉ እስኪ ዛሬውኑ ቀና ብላችሁ ኮርኒሳችሁን እዩት። ጨርቅ ከሆነና የኤሌክትሪክ ገመድ ከላዩ የሚያልፍ ከሆነ ቤታችሁ ክብሪት ነው።

ቤቱ በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ መኖሪያቸው ስለነበር ለእማማ ቀረላቸው። ታዲያ አሁን ትልቁ ልጅ «ይፍረስና በብሎኬት ሱቅ እንሥራ» ይላል፤ ሁለተኛው «እንደ ድሮው አድርገን አሳምረን እንሥራው» ይላል። እማማ ሁለቱንም አይሰሙም። «ባሌ የሞተው እዚህ ነው፣ እኔም ከዚህ አልወጣም» ብቻ ነው መልሳቸው። እኔን የገረመኝ ግን «እንደ ድሮው እናሳምረው» የሚለውም ልጅ በሌላ መንገድ ቤቱን ሊያጠፋው መሆኑ ነው። እንዴት ብትሉ እመጣበታለሁ።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ደብተር ከፍቼ አላውቅም። ስለዚህ የቅርስ ጥገና የሚያውቅ አንድ ሰው ለምኜ ይዤ ተመለስኩ። እሱም ገና ከበሩ ሳይገባ «ፍርስራሹን ጥላችሁታል?» ብሎ ጠየቀ። ደግነቱ ጉልበት ጠፍቶ አልጣሉትም ነበር። የተቃጠለ አሮጌ ቤት ዋናው መረጃ ያለው ቆሻሻ ብለን በምንጠርገው ውስጥ ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ ከግማሽ በላይ የተረፈ የጣሪያ ጥለት አንድ ቁራጭ አወጣ። «ይህቺ ካለች አናጺው ፎርማ ያወጣና ሌላውን ሁሉ ይቆርጣል» አለ። ክንድ የማትሞላ ጣውላ ናት!

ቀጥሎ ወደ ወራጆቹ ወጣ። እኔ ከሰል የሆነ እንጨት አለቀለት ነበር የሚመስለኝ። እሱ ግን በመሮ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ወፍራም የጥድ ግንድ ሲቃጠል ውጭው ከሰል ሆኖ ውስጡን ይከልልለታል፤ ጥቁሩ ሲፋቅ ጤነኛ ቀይ እንጨት ብቅ አለ። ከአሥራ አንዱ ወራጅ አራቱ ብቻ ናቸው የማይድኑት። ቆርቆሮው ግን የዚንክ ቅቡ ቀልጦ ስለሄደ ቢያቃኑትም ይዝጋል፤ እሱ ይቀየራል። የምድር ቤቱ ድንጋይ አንዳንድ ቦታ ወደ ቀይ ያደላ ሆኗል፤ ድንጋይ በጣም ሲግል እንደዚያ ይቀላልና እየተንኳኳ ይፈተሻል።

ከዚያ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰና ፊቱ ጨለመ። «እሳቱ የበላው ሩቡን ነው፤ ይኼ ደግሞ ውሃው የሚበላው ነው» አለ። የእሳት አደጋ መኪና የረጨው ውሃ የጭቃውን ግድግዳ አርሶታል። ጣሪያ የለም። ሰኔ ከገባ ምርጊቱ ይሟሟል፣ ማገሩ ይገለጣል፣ ፎቁ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ያን ጊዜ ትልቁ ልጅ ማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይኖርበትም፤ ክረምቱ ያፈርስለታል ማለት ነው!

ሕጉን በተመለከተ ሰዎች የሚያወሩትና የተጻፈው ይለያያል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚለው በቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ከመሠራቱ በፊት የባለሥልጣኑ ፈቃድ መገኘት አለበት ነው። አትንኩ አይልም፤ ጠይቃችሁ ንኩ ነው የሚለው። ደግሞም ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ተጽፎበታል። «ሊችል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ የግድ አላለም። ቢሆንም ሳይጠይቁ አይገኝም፤ እማማ ደግሞ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውም። ቀደም ብለው የሄዱበት አንድ ቢሮ «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ብሎ ነው የመለሳቸው። የባለሙያው ምክር ይኼ ነበር፦ ጣሪያውን በሸራ መሸፈንና ያዘመመውን በግንድ መደገፍ ቤቱን ከጥፋት ማቆየት እንጂ ማደስ አይደለም፤ ዛሬውኑ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ፣ ሸፍኑ፤ የእድሳቱን ፈቃድ ከዚያ በኋላ ጠብቁ።

በዚያው ሰሞን ወደ ፒያሳ ወርጄ ጣይቱ ሆቴል ቡና ጠጣሁ። ነገሩን ለማየት ብዬ ነው (ቡናውም ጥሩ ነው፣ አልዋሽም)። ይህ በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የመጀመሪያው ሆቴላችን እሁድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. መቃጠሉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በግቢው የነበረው ጃዝ አምባ የሙዚቃ ቤት ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ዋናው ህንፃም ተጎዳ። በሰሞኑ «አለቀለት» ያላለ ሰው አልነበረም። ግን ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። ደረጃውን ስወጣ እንጨቱ ከእግሬ ሥር ሲንጫጫ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ አብረው የሄዱትን አሮጌ ቤቶች አሰብኩ። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የእማማ ቤት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ ልመለስ። እሱ የሚፈልገው ምርጊቱን አራግፎ በሲሚንቶ መለሰን፣ ጣውላውን አዲስ አድርጎ አሮጌ ማስመሰል ነው። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ አይያዝም፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዝና ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ለጭቃ መድኃኒቱ ጭቃ ነው፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ፣ ከላዩ ኖራ። ግንበኛው ዋጋውን ሲናገር ከሲሚንቶው ረክሶ ስለተገኘ ልጁ ዝም አለ። የጥቀርሻው ነገር ደግሞ ለሁላችሁም ይጠቅማል፦ በመጀመሪያ በውሃ አትጠቡት፤ ይሰርጋል። በደረቅ ብሩሽ ቀስ ብሎ ይነሳል።

አሮጌ ማስመሰሉንም የሚከለክል ደንብ አለ። በ1956 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1964) ቬኒስ ላይ የወጣውና የዓለም ጠጋኞች የሚመሩበት ሰነድ ሁለት ነገር ይላል። የጎደለውን የሚተካው አዲስ ክፍል ከቤቱ ጋር ተስማምቶ ይቀመጥ፣ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን አዲስነቱ ይለይ። ሁለተኛው ደግሞ እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ላይ ይቁም። ስለዚህ አዲሶቹ አራት ወራጆች በመጋዝ ተቆርጠው ዓመተ ምሕረታቸው ከጀርባ ይጻፍባቸዋል። እኔ ይኼን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የተቃጠለ ቤት መቃጠሉን መደበቅ የለበትም።

ችግሩ ሁለተኛው ላይ መጣ። እማማ በጓሮ በኩል ከጣሪያው ጫፍ ሥር ሁለት የተቀረጹ አንበሶች ነበሩ ይላሉ። ልጆቹ አላየንም ይላሉ። በክምሩ ውስጥ ቁራጭ አልተገኘም። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተቃጥሎ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ከእሳቱ ዓመታት በፊት ህንፃው በሌዘር ተለክቶ ስለነበር ጠጋኞቹ የሚያመሳክሩት ነበራቸው። እማማ ያላቸው ትዝታ ነው። ባለሙያው በትሕትና «ማስረጃ ካልተገኘ እማማ፣ ቦታው ባዶ ይቀራል» አላቸው።

«እኔስ ማስረጃ አይደለሁም?» አሉት።

ወዲያው መልስ አልሰጠም። ብዕሩን አወጣና የነገሩትን ሁሉ ጻፈ፤ አንበሶቹ ወዴት እንደሚያዩ፣ ጅራታቸው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች። «ፎቶ ፈልጉ» ብሎ ሄደ።

ሸራው በግንቦት መጀመሪያ ተገዛ፤ ግማሹን ትልቁ ልጅ ከፍሏል፣ እያጉረመረመም ቢሆን። የፈቃድ ማመልከቻው ገብቷል። ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ልጅ ደግሞ ከዘመድ ዘመድ እየዞረች የሠርግ አልበም ትገልጣለች። እስካሁን ሦስት አልበም አይታለች፤ በሦስቱም ሙሽሮቹ በዚያው ጓሮ ቆመዋል፣ በሦስቱም ፎቶ አንሺው ጣሪያውን ቆርጦታል።