የግቢያችን ጥግ

ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆች ነን። በግቢው ጥግ ማንም ያልተከለው ቁራሽ ዱር አለ፤ አራት ጥድ፣ ሁለት ወይራ፣ አንድ ኮሶ፣ ከሥራቸውም ቀጋና እንዶድ። ባለፈው ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህ ጥግ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበት፣ አጣናው ተሸጦም ወንበር ይገዛበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ልጆቻችን በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ተጣበው እንደሚማሩ እያወቅን «አይሆንም» ማለቱ ቀላል አልነበረም።

ባሕር ዛፍን መስደብስ ማን ያቅተዋል? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ይህ እንግዳ ማገዶ ሆኖልናል፤ ቤታችንንም አቁሟል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ለአጣና ይደርሳል። ከሥሩ ግን ሌላ ቡቃያ እምብዛም አያስጠጋም። መፋቂያችንንና የወተት ዕቃ ማጠኛችንን የሰጠን ወይራ ደግሞ አንዴ ከተገነደሰ፣ ምትኩን ለማየት የእኛ ዕድሜ አይበቃም።

ይበልጥ ያነጋገረን የእንዶዱ ነገር ነበር። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩትን ይህን ተክል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብ ብለው አዩት። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በወራጁ ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ብልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና ነገሩ ትልቅ ምርምር ሆነ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ግን እንዶድን በስም እንጂ በቅጠሉ አያውቁትም ነበር። ልናስመነጥረው የነበረው እንግዲህ ይህንን ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ባሕር ዛፉ ከአጥሩ ውጭ ባለው ተዳፋት እንዲተከል፣ ጥጉም እንዲታጠር ተስማማን። ወንበሩ ዘግይቷል፤ በዚህ የሚያማርሩ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በበጋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ከጎረቤት መስጊድ የሚፈሰውን የውዱእ ውሃ በቦይ ወደ ጥጉ መለስነው። ቦዩን የቆፈሩት ልጆቹ ናቸው።

ኮሶ ወንድና ሴት አለው። የእኛዋ ቀይ የምታብብ ሴት ናት፤ ብቻዋን ነበረች። ሦስት ችግኞች አጠገቧ ተክለናል፤ ገና ከጉልበት አላለፉም። ወንድ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አበባ እስኪያወጡ ድረስ አይታወቅም።